የቀለበት መንገድ መስመር ከውጭ ሲታይ፦ የአዲስ አበባ ቀለበትና የጉራጌ ደጋ መውጫ በር

መግቢያ

የአዲስ አበባ የቀለበት መንገድ ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው በከተማዋ ነዋሪ ዓይን ነው። መጨናነቁ፣ ማሳለጫውና የእግረኛ ድልድዩ የከተማው ሰው የዕለት ተዕለት ጉዳይ በመሆናቸው ይህ አያስገርምም። ይሁን እንጂ የቀለበት መንገድ መጀመሪያ የሚታሰበው ከውጭ ለሚመጣውና ወደ ሌላ አቅጣጫ ለሚያልፈው ተሽከርካሪ ነው። ስለዚህ መስመሩ ተገቢ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ከከተማዋ ውጭ ቆሞ መመልከትም ያስፈልጋል።

ይህ ጽሑፍ የቀለበት መንገዱን መስመር ከጉራጌ ደጋ፣ በተለይም የጉመር ወረዳ ዋና ከተማ ከሆነችው ከአረቅጥ አቅጣጫ ይመረምራል። ጉመር ድንች፣ ገብስና እንሰት የሚመረትበት ደጋ ነው። ምርቱ ገበያ ለመድረስ የሚያልፍባቸው መንገዶች የቀለበቱን ጥቅምና ጉድለት አጉልተው ያሳያሉ። የጽሑፉ ዋና ሐሳብም የሚከተለው ነው፦ የቀለበት መንገድ ጥቅም በርዝመቱና በስፋቱ ብቻ አይወሰንም፤ ይልቁንም መስመሩ ከከተማዋ በሮች ጋር በሚገናኝበት ስፍራና ጭነቱ በሚራገፍበት ገበያ አቀማመጥ ይወሰናል።

አምስት በሮችና አንድ መሃል

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ዋና ዋና መንገዶቿ ከመሃል ወደ ዳር እንደ ጨረር ተዘርግተዋል። በሰሜን ምዕራብ የጎጃም፣ በምዕራብ የአምቦ፣ በደቡብ ምዕራብ የጅማ፣ በደቡብ ምሥራቅ የደብረ ዘይት፣ በሰሜን ምሥራቅ የደሴ መንገዶች ይወጣሉ። እነዚህ አምስት መውጫዎች በአነጋገር ልማድ የከተማዋ በሮች ይባላሉ።

እንዲህ ያለው አሠራር አንድ ጉልህ ችግር አለው። ከአንዱ በር ገብቶ በሌላው ለመውጣት የሚፈልግ ተሽከርካሪ መሃል ከተማውን ከማቋረጥ በቀር ምርጫ የለውም። ከጅማ አቅጣጫ መጥቶ ወደ ደብረ ዘይት የሚሄድ የጭነት መኪና በከተማዋ ምንም ጉዳይ ባይኖረውም የመሃሉን መንገድ ያጣብባል፤ ራሱም ጊዜና ነዳጅ ያባክናል። የቀለበት መንገድ ዓላማ እነዚህን በሮች ከመሃል ውጭ እርስ በርስ ማገናኘት ነው።

የመስመሩ አካሄድ

የአዲስ አበባ የቀለበት መንገድ በ1990ዎቹ በየምዕራፉ የተገነባ ሲሆን፣ ግንባታውን ያካሄደው የቻይና መንገድና ድልድይ ኮርፖሬሽን ነው። ርዝመቱ 33 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መስመሩ ከሰሜን ምዕራብ ከዊንጌት ተነሥቶ በጦር ኃይሎች በኩል ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ በዘነበወርቅና በአየር ጤና አካባቢ የጅማን መንገድ ያገኛል። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ በጀርመን አደባባይና በሐና ማርያም በኩል ይሄድና ሳሪስ አቦ ላይ የደብረ ዘይትን መንገድ ይሻገራል። ቀጥሎም በቦሌ ሚካኤልና በአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ አልፎ በኢምፔሪያል በኩል መገናኛ ይደርሳል።

ይህን መስመር በካርታ ላይ የተመለከተ ሰው ስያሜውና ቅርጹ ሙሉ በሙሉ እንደማይገጥሙ ይረዳል። መንገዱ በሰሜን በኩል አልተዘጋም፤ ከክብ ይልቅ ወደ ላይ የተከፈተ የፈረስ ኮቴ ይመስላል። በዊንጌትና በመገናኛ መካከል ያለው የሰሜኑ ክፍል የእንጦጦ ግርጌ ነው። ተዳፋቱ፣ ከተራራው የሚወርዱት ወንዞችና ጥቅጥቅ ብለው የተሠሩት ነባር ሰፈሮች በዚያ በኩል ፈጣን መንገድ መዘርጋትን አስቸጋሪና ውድ ያደርጉታል። ደቡቡ ግን በአንጻሩ ሜዳ ነው፤ በግንባታው ዘመን ሰፊ ክፍት ቦታ ነበረው፤ ፋብሪካውና መጋዘኑም ወደዚያ ያጋደለ ነበር። ስለዚህ የመስመሩን ቅርጽ የወሰኑት መልክዓ ምድሩና የመሬቱ አያያዝ ጭምር ናቸው።

በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡርም ይህንኑ ቅርጽ የሚያስታውስ ነው። የምሥራቅ–ምዕራቡ መስመር ከአያት ተነሥቶ በመገናኛ በኩል ጦር ኃይሎች ላይ ያበቃል፤ የቀለበቱን ሁለት ጎኖች በመሃል ያገናኛል ማለት ነው። የሰሜን–ደቡቡ ደግሞ ሳሪስ አቦ ላይ ቀለበቱን አቋርጦ ቃሊቲ ይደርሳል።

ሁለት መንገድ፣ አንድ በር

የጉራጌ ደጋ በምዕራብ ወደ ወልቂጤ፣ በምሥራቅ ወደ ቡታጅራ ይወርዳል። ከወልቂጤ የሚነሣ መኪና በወሊሶ፣ በቱሉ ቦሎና በተፍኪ አልፎ ሰበታ ይገባል። ከቡታጅራ የሚነሣው ደግሞ በቡኢ፣ በጢያና በመልካ ቁንጥሬ በኩል ይመጣል። ሁለቱ መስመሮች በሰፊ አገር ተራርቀው ከተጓዙ በኋላ ዓለም ገና ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ የሚያስገባቸው በር አንድ ነው፤ እሱም የጅማ በር ነው።

ይህ አጋጣሚ ብቻ አይደለም፤ የጉራጌ ተወላጆች የመንገድ ጥረት ታሪክም አለበት። በ1950ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ ይኖሩ የነበሩ የጉራጌ ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው መንገድ የሚያሠሩ ማኅበራትን አቋቁመዋል። በምዕራብ በኩል የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት፣ በምሥራቅ በኩል ደግሞ ከዓለም ገና እስከ ወላይታ ሶዶ የሚዘልቀውን መንገድ ለማሠራት የተነሣው ድርጅት በዚያ ዘመን የተወለዱ ናቸው። የእነዚህ ማኅበራት አባላት አብዛኞቹ በመርካቶና በአካባቢው የሚነግዱና የሚሠሩ ስለነበሩ፣ መንገድ ማለት ለእነሱ መርካቶን ከአገር ቤት ጋር ማገናኘት ነበር። ለመስቀል ወደ አገር መግባትም፣ ለገበያ መውጣትም በዚሁ መንገድ ነው።

ስለዚህ የቀለበቱ መስመር ከዚህ የጉዞ ልማድ ጋር ሲነጻጸር ጥያቄ ይነሣል። ከዓለም ገና የሚመጣ መኪና መድረሻው መርካቶ ከሆነ፣ ከቀለበቱ የሚጠቀመው ከአየር ጤና አካባቢ እስከ ጦር ኃይሎች ያለውን አጭር ክንድ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ መሃል መግባቱ አይቀርም። ለእንዲህ ያለው ተጓዥ ቀለበቱ የመዞሪያ መንገድ ሳይሆን የመግቢያ ቁራጭ ነው። ዋናው መዘግየትም የሚያጋጥመው ቀለበቱ ላይ ሳይሆን ከሱ በፊት፣ ከዓለም ገና እስከ አየር ጤና ባለው አንድ በር ላይ፣ ከሱ በኋላም በመርካቶ ዙሪያ ባሉት ጎዳናዎች ላይ ነው።

ገበያው ቦታ ሲለውጥ

የቀለበት መንገድን ጥቅም ከሚለውጡት ነገሮች አንዱ አዲስ አስፋልት ሳይሆን የገበያ መዛወር እንደሆነ የአትክልት ተራ ታሪክ ያሳያል። ለረጅም ጊዜ የከተማዋ ዋና የአትክልትና ፍራፍሬ የጅምላ ገበያ የነበረው በመሃል ከተማ፣ በፒያሳ አካባቢ ነው። ይህ ገበያ በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ ወረርሽኝ ሲከሰት ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ደቡብ፣ ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ሄደ።

አዲሱ ስፍራ ከቀለበቱ ደቡባዊ ክንድ ውጭ ነው። ከደጋው ድንች ጭኖ በዓለም ገና በር የሚመጣ መኪና ቀድሞ ወደ ፒያሳ መዝለቅ ነበረበት፤ አሁን ግን መሃሉን ሳይረግጥ ጭነቱን ማራገፍ ይችላል። ቀለበቱ አንድ ሜትር እንኳ ሳይረዝም ለዚህ ጭነት ያለው ትርጉም ተለወጠ። በአንጻሩ ቸርቻሪው ከገበያው ወደ ሰሜንና ወደ መሃል ሰፈሮች በትንንሽ መኪና የሚያመላልሰው መጠን ጨመረ። ወጪው ከአምራቹ አቅጣጫ ወደ ሸማቹ አቅጣጫ ተሸጋገረ እንጂ ፈጽሞ አልጠፋም።

በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ከባድ ተሽከርካሪዎች በቀን በከተማዋ እንዳይንቀሳቀሱ የወጣው የሰዓት ገደብም በተመሳሳይ መልኩ ሊታይ ይገባል። የሰዓት ገደብ ሲኖር ከባድ መኪና በበሩ ላይ ቆሞ መሸትን ይጠብቃል። ድንችና ጎመን ግን እንደ ሲሚንቶ አይጠብቁም፤ በፀሐይ የዋለ ጭነት ዋጋው ይወርዳል። ስለዚህ በበሮቹ አጠገብ ጥላ ያለው ማራገፊያና የጅምላ ገበያ መኖሩ ለአምራቹ ከመንገዱ ስፋት የማይተናነስ ጥቅም አለው።

ቀለበቱ የከፈላቸው ሰፈሮች

መስመሩ ሲቀየስ የከተማ ዳር የነበረው ስፍራ ዛሬ ዳር አይደለም። ጀሞ፣ ለቡ፣ ሐና ማርያምና የቦሌ ዙሪያ ሰፈሮች ከመንገዱ ወዲያና ወዲህ ተስፋፍተዋል። በዚህም ምክንያት ለአላፊ ተሽከርካሪ የታሰበው ፈጣን መንገድ የሰፈር መንገድም ሆኗል። ከመኖሪያው ወደ ሥራው የሚሄደው የከተማ ሰው፣ ታክሲውና አውቶቡሱ ከአገር አቋራጭ ጭነት መኪና ጋር በአንድ መስመር ይጋፋሉ።

የመንገዱ መሃል አካፋይና የጎን አጥር ፍጥነትን ለመጠበቅ የተሠሩ ናቸው። ይሁን እንጂ ቀድሞ በእግር አምስት ደቂቃ የሚያራርቃቸውን ጎረቤቶች ለያይተዋል። አሽከርካሪው ትይዩ ወዳለው ሰፈር ለመድረስ እስከሚቀጥለው ማሳለጫ ሄዶ ይመለሳል። እግረኛው የድልድዩን ደረጃ ይወጣል፤ አዛውንቱ፣ አካል ጉዳተኛውና ሸክም የተሸከመው ግን ደረጃው ይከብዳቸዋል። አጥሩን ዘሎ አካፋዩን መሻገር የተለመደ የሆነው እግረኛው ሥርዓት ስለማይወድ ብቻ ሳይሆን መሸጋገሪያው ከጉዞው አቅጣጫ ስለራቀበት ጭምር ነው። የመስመር ምርጫ የሰው ሕይወት ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ቦታ ነው።

የሌሎች ከተሞች ልምድ ይህ ችግር የአዲስ አበባ ብቻ አለመሆኑን ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጠናቀቀው የፓሪስ ቀለበት 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ስላለው በመጠን ከአዲስ አበባው ጋር ይቀራረባል፤ የቀድሞውን የከተማ ቅጥር መስመር ተከትሎ የተሠራ ሲሆን፣ ፓሪስንና በዙሪያዋ ያሉትን ከተሞች የሚለይ ወሰን ሆኖ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ1986 የተዘጋው የለንደን ቀለበት ደግሞ 188 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ከተማዋን ከሩቅ ይዞራል፤ ሆኖም በአጭር ጊዜ ውስጥ በአካባቢው ነዋሪ የዕለት ጉዞ ተጨናንቋል። የቀረበው ቀለበት ሰፈር ይከፍላል፤ የራቀውም ቢሆን አዲስ ሰፈርና አዲስ ጉዞ ወደ ራሱ ይስባል።

ከቀለበቱ ውጭ የተሠሩ መስመሮች

ከቀለበቱ በኋላ የተሠሩት ትልልቅ መስመሮች ማዕከሉን ይበልጥ ወደ ደቡብ ስበውታል። በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ–አዳማ የክፍያ መንገድ የሚጀምረው ከቀለበቱ ውጭ፣ ከቱሉ ዲምቱ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮ–ጅቡቲ የባቡር መስመርም ከሰበታ ተነሥቶ በለቡና በእንዶዴ በኩል ወደ አዳማ ያልፋል። ይህ ሐዲድ ከቀለበቱ ውጭ የተዘረጋ ደቡባዊ ቅስት ነው ማለት ይቻላል፤ የጅማን በር አካባቢ ከደብረ ዘይት አቅጣጫ ጋር መሃሉን ሳይነካ ያገናኛል።

ለጉራጌ ምሥራቃዊ ክፍል ሌላም አማራጭ አለ። ቡታጅራን ከባቱ (ዝዋይ) ጋር የሚያገናኘው መንገድ፣ ወደ ሞጆና ወደ አዳማ የሚሄድን ጭነት አዲስ አበባን ጨርሶ ሳያይ ያደርሰዋል። የማረቆ በርበሬ ወደ ምሥራቅ ለመሄድ ሳሪስ አቦ ላይ ወረፋ መጠበቅ አይኖርበትም። አንዳንድ ጊዜ ለከተማ የተሻለው መዞሪያ ከከተማዋ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኝ የገጠር መገናኛ መንገድ ነው። ምዕራቡ፣ ማለትም የወልቂጤ መስመር፣ ግን እንዲህ ያለ ቅርብ አማራጭ ስለሌለው ዕጣው ከዓለም ገና በር ጋር የተሳሰረ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ ከቀረበው ሦስት ነጥቦችን መውሰድ ይቻላል። አንደኛ፣ የአዲስ አበባ ቀለበት ከበር ወደ በር ለሚያልፈው ጭነት የታሰበ ቢሆንም ከጉራጌ ደጋ የሚመጣው ጭነት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ገበያ የሚገባ እንጂ የሚያልፍ አልነበረም፤ ጥቅሙም በዚያው ልክ ተወስኗል። ሁለተኛ፣ የጅምላ ገበያና መናኸሪያ ወደ በሮቹ ሲጠጉ ያው መንገድ የበለጠ ይጠቅማል። ሦስተኛ፣ ዳር የነበረው መሃል መሆኑ ስለማይቀር፣ የእግረኛ መሸጋገሪያ ከመንገዱ ጋር አብሮ እንጂ ከመንገዱ በኋላ ሊታሰብ አይገባውም።

እነዚህ ነጥቦች ለራሳቸው ለጉራጌ ከተሞችም ይጠቅማሉ። ወልቂጤ በጅማ መንገድ፣ ቡታጅራ በሆሳዕና መንገድ ግራና ቀኝ የተዘረጉ ከተሞች ናቸው። አገር አቋራጩ መኪና፣ ባጃጁ፣ ጋሪውና ተማሪው በአንድ ጎዳና ይተላለፋሉ። ለእነዚህ ከተሞች ውሎ አድሮ መዞሪያ መንገድ ማስፈለጉ አይቀርም፤ መስመሩን በማስተር ፕላን ለይቶ ከግንባታ ነፃ አድርጎ መጠበቅ የሚቻለው ግን መሬቱ ገና እርሻ ሳለ ነው። ቤት ከተሠራ በኋላ የሚመጣ መንገድ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል፤ አንድ ጊዜ በካሳ፣ አንድ ጊዜ በተከፈለ ሰፈር። አረቅጥን የመሰሉ ትንንሽ ከተሞችም መንገዳቸው ሲሰፋ ይህንኑ ጥያቄ አስቀድመው ቢያነሡ ይበጃቸዋል፦ ገበያው ከመንገዱ በየትኛው በኩል ይሁን? አምራቹስ ምርቱን በየት በኩል አሻግሮ ያደርሰው?