የጨንቻ መንገደኛ፣ ባይራን ታውቀዋለህ?

ከአርባ ምንጭ ጨንቻ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ሽቅብ ስለሆነ መኪናውንም ተሳፋሪውንም ይፈትናል። ዞር ብሎ ለተመለከተ ግን አባያና ጫሞ፣ በመካከላቸውም «የእግዜር ድልድይ» ከታች ተዘርግተው ይታያሉ። ዶርዜ ስንደርስ አስጎብኚያችን የዝሆን ፊት የሚመስለውን የቀርከሃ ቤት አስጎበኘን፤ ሸማኔዎቹንም አሳየን፤ ትኩስ ቆጮም ቀመስን። እኔ ግን «ባይራን ታውቀዋለህ?» ስል ጠየቅኩት። ስሙን ሰምቷል፤ ታሪኩን አያውቅም።

ለመሆኑ ባይራ ማን ነው? በጋሞ ደጋ፣ ሞታ በተባለ ዋሻ ውስጥ ከ4,500 ዓመት በፊት የተቀበረ ሰው ነው። አሜሪካውያኑ አርኪዮሎጂስቶች ካትሪንና ጆን አርተር የመሩት ቡድን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 አገኘው። ቡድኑን ወደ ዋሻው ያደረሱት የአካባቢው ሽማግሌዎች ናቸው፤ ቦታውን የሚያውቁት አባቶቻቸው በጦርነት ጊዜ ይሸሸጉበት ስለነበር ነው። ሟቹ ከድንጋይ ክምር ሥር፣ በቀኝ ጎኑ ተጋድሞ፣ እጆቹን ከፊቱ በታች አጥፎ፣ እንደተኛ ሰው ነበር። «ባይራ» በጋሞኛ በኩር ማለት ነው።

ሙቀት ዲኤንኤን ቶሎ ያበላሻል። በሞታ ግን የዋሻው ቅዝቃዜና ጠንካራው የውስጥ ጆሮ አጥንት ዲኤንኤውን ጠብቀው አቆይተውታል። በዚህም ባይራ ከአፍሪካ ሙሉ የዘረ መል ንባብ የወጣለት የመጀመሪያው ጥንታዊ ሰው ሆነ፤ ውጤቱም በ2015 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ታተመ። ዓይኑ ቡናማ፣ ቆዳው ጠቆር ያለ ነበር። ዛሬ ካሉት ሕዝቦች በዘር በጣም የሚቀርቡት አሪዎች ናቸው።

ባይራ የኖረው ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት ከምዕራብ እስያ በኩል ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሰዎች ከመግባታቸው አስቀድሞ ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የነበረውን ሕዝብ የምናነጻጽርበት መለኪያ ሆኗል። ተመራማሪዎቹ መጀመሪያ የዚህ ፍልሰት አሻራ በመላው አፍሪካ ጎልቶ ይታያል ብለው ነበር። በ2016 ግን በኮምፒውተር ስሌቱ ላይ ስሕተት ማግኘታቸውን ራሳቸው አስታውቀው፣ ድምዳሜውን በምሥራቅ አፍሪካ ወስነውታል።

ወደ ጋሞ ዋሻዎች የሚዘልቅ ጎብኚ አንድ ድንጋይ እንኳ ከቦታው ባያነሳ መልካም ነው። የመቃብርን ዕድሜ የሚናገረው አጥንቱ ብቻ አይደለም፤ የድንጋዩና የአፈሩ አቀማመጥም ጭምር ነው። አስጎብኚዎቻችንም ከቀርከሃው ቤት ቀጥለው ይህን ታሪክ ቢያወሱ ምን ይጎድላል? ዋሻውን ያሳዩት የጋሞ ሽማግሌዎች ናቸው። ዓለም የሰማውን ታሪክ የጨንቻ መንገደኛም ከጋሞ ልጆች አንደበት ሊሰማው ይገባል።