ያረገዘች አሳማ ለምን ብረት ትነክሳለች?

ከአየር ጤና ወደ ሰበታ በሚወስደው መንገድ አካባቢ ላም የሚያረባ ሰው ፉርሽካውን ከፋጉሎው፣ ፋጉሎውን ከቢራ አተላው ለይቶ ያውቃል። አሳማ ግን በዚሁ በኮልፌ ቀራኒዮ እምብዛም አይረባም። ብዙው ክርስቲያንም ሙስሊሙም ስለማይበላው ገዢው በአብዛኛው ሆቴልና የውጭ ዜጋ ነው። ለአሳማ ሲሆን ፉርሽካን የመሰለ አሰር የበዛበት መኖ ብዙ ጊዜ የሚታየው ወጪ እንደሚቀንስ መሙያ ብቻ ነው። ይህ አመለካከት በተለይ ያረገዘችውን ይጎዳታል።

አሳማ እርግዝናዋ 114 ቀን ገደማ ነው። ከመጠን በላይ ከወፈረች ምጡ ስለሚከብዳት፣ በቀን የሚሰጣት ከ2 እስከ 3 ኪሎ የተመጠነ መኖ ነው። ያንን በደቂቃዎች ትጨርሰዋለች። ከዚያ ባዶውን ገንዳ በአፍንጫዋ ትገፋለች፣ የጋጣውን ብረት ትነክሳለች፣ አፏ ውስጥ ምንም ሳይኖር አረፋ እስክትደፍቅ ታላምጣለች። የሚያያት ሰው ጠባይዋ ከፋ ይላል። ርቧት ነው።

የእህል ስታርች በትንሹ አንጀት ቶሎ ይፈጫል። የደም ስኳሯ ወዲያው ከፍ ይላል፣ ኢንሱሊን ይከተለዋል፣ ከዚያ ስኳሩ ይወርዳል። ቀጣዩ መኖ ገና ሰዓታት ሲቀሩት መቁነጥነጥ ትጀምራለች፣ ከጋጣ ጓደኞቿም ጋር ትጣላለች። ፋይበር የምንለውን አሰር ግን የአሳማዋ የራሷ ኢንዛይም አይፈጨውም። ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፤ ከዚያ የሚወጡት አሴቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቢዩቲሬት የተባሉ አሲዶች ቀስ እያሉ ለሰዓታት ወደ ደሟ ይገባሉ። ስታርቹ የጭራሮ እሳት ከሆነ፣ ይህ አመድ የለበሰ ፍም ነው። የኔዘርላንድሱ ዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቀይ ሥር ዘመድ ከሆነው ከሹገር ቢት የተረፈ ጭማቂ አልባ አሰር ለሴት አሳማዎች ሲያበሉ፣ በምግብ መካከል ያለው የደም ስኳራቸው ረግቶ፣ እነሱም ተረጋግተው አይተዋል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው መመሪያ ላረገዙ አሳማዎች አሰር የበዛበት መኖ እንዲሰጥ ያስገደደው ረሃባቸውንና የማላመጥ ፍላጎታቸውን ለማርካት ነው።

እኛ ዘንድ ግን ስኳር ከወንጂ ፋብሪካ ጀምሮ የሚመረተው ከሹገር ቢት ሳይሆን ከሸንኮራ አገዳ ነው፤ የአገዳው ገለባ እንጨትነት ስላለው ለዚህ አይሆንም። ፉርሽካና የቢራ አተላም ሆድ ይሞላሉ እንጂ የሚብላላው ክፍላቸው ከሹገር ቢቱ ያነሰ ነው። እኔ ተስፋ የምጥለው ጁስ ቤቶች በሚጥሉት የብርቱካን ልጣጭ ላይ ነው፤ በውስጡ ያለው ፔክቲን በደንብ ይብላላል። ብቻ ትኩስ ይሁን፤ የሻገተ ከሆነ ይጣል።

ለሥጋ ለሚደልበው አሳማ ግን አሰር ሲበዛ እድገቱ ይዘገያል። ላረገዘችውም ቢሆን አዲሱ መኖ የሚለመደው ቀስ በቀስ ነው፣ ውሃም ከፊቷ መጥፋት የለበትም፤ አለዚያ ሆዷ ይደርቃል።