ቁራ ላይ ከመተኮሳችሁ በፊት

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ዙሪያ ቁራ የሌለበት ሰፈር የለም። የተዘራ እህል ይለቅማል፤ ጫጩት ይነጥቃል። ታዲያ የተናደደ ሰው «ጠመንጃ አለ አይደል? አንድ ሁለቱን ብጥል ሌላው ይሸሻል» ሊል ይችላል። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ግን ጥይቱ ከመተኮሱ በፊት ሁለት ፈቃድ ያስፈልጋል።

አንደኛው የጠመንጃው ፈቃድ ነው። በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ወጥቷል። ቁጥሩ 1177 ነው። በአዋጁ መሠረት ያለ ፈቃድ ጠመንጃ መያዝ ወንጀል ነው። «ይህ የወፍ ነው፣ የሰው አይደለም» ማለት አያድንም፤ የአደን ጠመንጃም ጠመንጃ ነው። ደግሞ ፈቃዱ የሚሰጠው ለሰውየው ነው። በሬ ይዋሳል፤ ጠመንጃ አይዋስም።

ሁለተኛው የአደን ፈቃድ ነው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን ነው። ቁራ ባለቤት የሌለው ይመስላል። ሕጉ ግን ለማዳ ያልሆነውን እንስሳ የዱር እንስሳ ይለዋል፤ ወፍም ይገባበታል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ማደንን ከልክሏል። ስለዚህ የጠመንጃው ወረቀት በእጃችሁ ቢኖርም ቁራውን ለመግደል አይበቃም። ያ ምንቃሩ ወፍራም፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት ትልቁ ቁራ ደግሞ ከዓለም ሁሉ የሚገኘው በአፍሪካ ቀንድ ብቻ ነው።

በሌላ አገርስ? በአሜሪካ ቁራ ማደን ይቻላል፤ ግን የአደኑ ወቅት በዓመት ከ124 ቀን አይበልጥም፤ ቁራ በብዛት ጎጆ በሚሠራበት ጊዜም አይፈቀድም። እዚያም ቢሆን እንደ ልብ አይተኮስም ማለት ነው።

አሁን ወደሚያሳስበው ነገር እንምጣ። የአደን ጠመንጃ አንዱ ጥይት ውስጡ ብዙ ደቃቅ እርሳስ አለው። ሲተኮስ እንደሚዘራ ጤፍ ይበተናል። ወፍ የሚገድለው እስከ 40 ሜትር ያህል ነው። ፍሬው ግን 200 ሜትር ያህል ሊሄድ ይችላል። ያኔ ቁራ ባይገድልም ዓይን ያጠፋል። ክላሽ ከሆነማ ጥይቱ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ወደ ሰማይ የተተኮሰም ተመልሶ ይወርዳል።

200 ሜትር ስንት ነው? ከማሳችሁ ዳር ተነሡና 200 ሰፊ እርምጃ ቁጠሩ። ማንን አገኛችሁ? ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ከተጠቃለሉት ውስጥ ናቸው። ማሳው ከቤት፣ ቤቱ ከፋብሪካ ተያይዟል። ከቁጥቋጦው ጀርባ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ይኖራል፤ ውኃ የምትቀዳ ሴት ትኖራለች። በቸልተኝነት ሰው የገደለ ሰው፣ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543፣ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም መቀጮ ተደንግጎበታል። «ቁራ መስሎኝ» ብሎ ለልጁ እናት ምን ይነገራታል?

ፈቃድ ያለው ጠመንጃ በቤታችሁ ካለም ጥይቱን አውጥታችሁ አስቀምጡ። ጠመንጃው አንድ ቦታ፣ ጥይቱ ሌላ ቦታ ይቆለፍ። ጥይት የለውም ብላችሁ አፈ ሙዙን ወደ ሰው አታዙሩ፤ ብዙ ሰው የሞተው «ባዶ ነው» በተባለ ጠመንጃ ነው። አጥር ስትሻገሩ ጥይት ጎርሶ አይሁን። ልጆችም አይንኩት።

ደግሞስ ቁራ ሁልጊዜ ጠላት ነው? እበት እየገለበጠ ትል ይለቅማል፤ የሞተ ከብት ሥጋ ይበላል። ብልህም ነው። በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጭንብል አድርገው ቁራዎችን ያዙና ለቀቁ። ቁራዎቹ ያንን ፊት ከዓመታት በኋላም እያዩ ይጮኹበት ነበር። የቁራ መልእክተኛ እያልን እናማዋለን እንጂ የሚረሳ ወፍ አይደለም።

ይህ ብልህነቱ ለእናንተም ይጠቅማል፤ የፈራውን ቦታ ያስታውሳልና። ዘሩን እንደ ዘራችሁ ወዲያው አፈር አልብሱት። እስኪጠነክር ድረስ በጅራፍ ድምፅና በጩኸት ጠብቁ። ማስፈራሪያ ካቆማችሁ በየሁለት በየሦስት ቀኑ ቦታውን ለውጡ፤ አንድ ቦታ የቆመውን ይለምደውና ይቀመጥበታል። የእርድ ትራፊና የሞተ እንስሳ ቅበሩ፤ ቁራን ወደ ደጃችሁ የሚጠራው እሱ ነው። መርዝ የተቀባ ሥጋ ግን በፍጹም አትጣሉ። ውሻችሁን ይገድላል፤ ጥንብ አንሣውንም ይጨርሳል።

ጫጩቶች ክንፋቸው እስኪጠና በቅርጫት ሥር ይዋሉ። ከዚህ ሁሉ በኋላም ጉዳቱ ከበዛ ስንት መደብ እንደተበላና በየትኛው ቀን እንደሆነ በራሳችሁ እጅ ጽፋችሁ ወደ ግብርና ጽሕፈት ቤት ውሰዱ።