የድባቴ መድኃኒት ሲቋረጥ የሚከሰቱ አካላዊ ምልክቶች

የድባቴ መድኃኒት ለሳምንታት የወሰደ ሕመምተኛ በድንገት ሲያቋርጥ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ አንዳንዴም በጭንቅላት ውስጥ ኤሌክትሪክ የነዘረ የመሰለ ስሜት ሊታይበት ይችላል። አሚትሪፕቲሊን ሲቋረጥ ማላብም ሊጨመር ይችላል። ፍሉኦክሲቲን ግን ከሰውነት የሚወጣው በዝግታ ስለሆነ ምልክቶቹ ብዙውን ጊዜ ይዘገያሉ፤ ይቀላሉም።

እነዚህን ምልክቶች የሕመሙ ማገርሸት አድርጎ መቁጠር ሕመምተኛውን ለማያስፈልግ የረጅም ጊዜ ሕክምና ይዳርጋል። የማቋረጥ ምልክት በአብዛኛው በቀናት ውስጥ ይጀምራል፤ መድኃኒቱ ሲመለስም ፈጥኖ ይለቃል። ያገረሸ ድባቴ ግን ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ቀስ በቀስ ይመጣል።

ስለሆነም መጠኑ በሳምንታት፣ ለረጅም ጊዜ ለወሰዱትም በወራት፣ ደረጃ በደረጃ ሊቀነስ፣ ወደ መጨረሻው ሲቃረብም ቅነሳው ይበልጥ ሊያንስ ይገባል። ምልክቱ ከበረታ ወደ ቀድሞው መጠን ተመልሶ በዝግታ መቀነስ ይመረጣል። ሕመምተኛው ክኒኑ ከማለቁ በፊት እንዲመለስ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።