የዋንኬል ሞተርና የማቀዝቀዣው ውኃ ግፊት

ከነጌሌ ቦረና ተነሥቶ በፊልቱ በኩል ወደ ዶሎ ቆላ የሚወርድ የካሚዮን ሾፌር፥ ሞተሩ በጋለበት ጊዜ የራዲያተሩን ክዳን እንዳይነካ የሚጠነቀቀው ክዳኑ አምቆ የያዘውን ግፊት ስለሚፈራ ነው፤ ያው ግፊት ግን በሚበር ሞተር ዘንድ የሕይወት ጠባቂ ነው። ነጌሌ ከባሕር ወለል በላይ 1,450 ሜትር ገደማ ስለሆነች፥ ክዳን የሌለው ውኃ በዚያ በ95 ዲግሪ ግድም ይፈላል፤ አውሮፕላን እስከ 4,500 ሜትር ቢወጣ ደግሞ 85 ዲግሪ ግድም ይበቃዋል። አንድ ከባቢ አየር ያህል ግፊት የሚይዝ ክዳን ሲታከልበት ግን በዚያ ከፍታ እንኳ ከ110 ዲግሪ በፊት አይፈላም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 (እ.ኤ.አ.) ሥራ የጀመረበት ዳኮታ፥ በእያንዳንዱ ሞተሩ ያሉትን 14 ሲሊንደሮች በነፋስ ያቀዘቅዝ ስለነበር ይህ ጭንቀት አልነበረበትም። ጀርመናዊው ፌሊክስ ዋንኬል የፈለሰፈውና በ1957 (እ.ኤ.አ.) በኤን.ኤስ.ዩ. ፋብሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው ሞተር ግን ሌላ ባሕርይ አለው፤ በሚወጣና በሚወርድ ፒስተን ፈንታ ባለ ሦስት ማዕዘን ሮተር በቤቱ ውስጥ ይሽከረከራል፥ ነዳጁም ሁልጊዜ በአንድ ወገን ይቃጠላል። ስለዚህ ያ ወገን እየጋለ፥ አዲስ አየር የሚገባበት ወገን ቀዝቅዞ ይቀራል፤ ብረቱም እኩል ስለማይሰፋ በመጋጠሚያው ውኃውን የሚያግዱት የጎማ ቀለበቶች ይጨነቃሉ። ቀላል አውሮፕላን በገዛ እጃቸው የሚሠሩ ሰዎች 13ቢ የተባለውን የማዝዳ ዋንኬል ሞተር ወደ አየር ሲያወጡ፥ ከሙቀት መለኪያው ጎን የግፊት መለኪያ የሚጨምሩበት አንድ ምክንያት አለ፤ ውኃው ፈስሶ ካለቀ የሙቀት መለኪያው ጫፍ በባዶ ስፍራ ይቀርና ሐሰተኛ ምስክርነት ይሰጣል፥ የግፊቱ መርፌ ግን ቀድሞ ይወድቃል። እኔ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ግፊቱን እመርጣለሁ።

መርፌው እየወረደ ከሆነ ውኃ በአንድ ቦታ ይወጣል፥ ወይም ክዳኑ ግፊት መያዝ ተስኖታል፤ ክዳኑ ርካሽ ስለሆነ አስቀድሞ እርሱን መለወጥ፥ ከዚያም ሞተሩ ፈጽሞ ሲበርድ በእጅ ፓምፕ እስከ ክዳኑ ልክ አየር ሞልቶ ግፊቱ መቆየቱን ማየት ይገባል። ሞተሩ ገና ሳይሞቅ መርፌው በችኮላ ከወጣ ግን ነገሩ የከፋ ነው፤ የቃጠሎ ጋዝ የውስጡን ቀለበት አልፎ ወደ ውኃው ገብቷል ማለት ነው። ለማረጋገጥ በበረደ ሞተር ክዳኑን ከፍቶ ውኃውን አፍ እስከ አፍ ሞልቶ ሞተሩን ማስነሣት ነው፤ በመጀመሪያ የሚወጣው አረፋ በመንገድ ላይ የታሰረ አየር ሊሆን ስለሚችል ጥቂት መታገሥ ይገባል፥ ሳያቋርጥ የሚፈልቅ ከሆነና በማግሥቱ ጧት የጭስ ማውጫው ነጭ እንፋሎት ከተፋ ግን ጥርጣሬ የለም። በገበያ የሚሸጠው የፍሳሽ መድፈኛ ዱቄት የራዲያተሩን ጠባብ ቧንቧዎች ከመዝጋት በቀር ለዚህ አይረባም፤ የሞተሩን ክፍሎች እርስ በርስ ያጣበቁትን ረጃጅም ቡሎኖች ፈትቶ ቀለበቶቹን ሁሉ መለወጥ ግድ ነው።