ሳንቃን ያለ ሚስማር ስለ ማያያዝ

በይፋግና በፎገራ ሜዳ ክረምቱ ውሃ የሚተኛበት፣ በጋውም ደረቅ መሆኑ የታወቀ ነው። የዋንዛ ሳንቃም በእርጥበት ጊዜ በወርዱ ያብጣል፤ በድርቅ ጊዜ ይኮማተራል፤ በርዝመቱ ግን ለውጡ እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ የጠረጴዛን ገበታ ከሥሩ በአግዳሚ እንጨት ብንቸነክረው መላወሻ አጥቶ ይሰነጠቃል።

መድኃኒቱ አፉ ጠባብ፣ ሥሩ ሰፊ የሆነ ቦይ በገበታው ወርድ አውጥቶ፣ በዚያው ቅርጽ የተበጀውን አግዳሚ ማንሸራተት ነው።

ቦዩ እንዳይዛባ መምሪያ እንሠራለን። ሁለት ቀጥ ያሉ ጣውላዎችን በራውተሩ መቀመጫ ወርድ ልክ አራርቀን በሁለት መስቀለኛ እንጨት በቀጥተኛ ማዕዘን እናያይዛለን። አስቀድመን በቀጥታው ምላጭ መካከሉን እናወጣለን፤ ቀጥሎ ሥሩ የሰፋውን ምላጭ በሙሉ ጥልቀቱ እንነዳለን። በመንገድ ላይ ወደ ላይ ብናነሣው የቦዩን አፍ ያበላሻል።

ኮላ ቢያስፈልግ በአግዳሚው መካከል ብቻ ይቀባ፤ ሁለቱ ዳሮች ነጻ ይሁኑ።