ዝንብ የሚያመክን፣ ሕመምተኛ የሚያክም፦ ጋማ ጨረራ በምን ይለካል?

ከወልቂጤ ወደ ጅማ ሲኬድ መንገዱ ወደ ጊቤ ሸለቆ ያቆለቁላል። ከብት ያለው ሰው እዚያ የሚፈራው ቆላ ዝንብን ነው፤ የምታስተላልፈው ገንዲ በሬውን አክስቶ ከቀንበር ያወጣዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች በሸለቆው ውስጥ መድኃኒት የተነከረ ጨርቅና በከብት ጀርባ ላይ የሚፈስ መድኃኒት ሞክረዋል። አዲስ አበባ ቃሊቲ ያለው የቆላ ዝንብ ማዕከል የያዘው ግን ሌላ ዘዴ ነው፦ ወንድ ዝንቦችን በኮባልት 60 ጋማ ጨረራ አምክኖ በደቡብ ስምጥ ሸለቆ መልቀቅ። ሴቷ በአብዛኛው አንዴ ብቻ ስለምትገናኝ፣ ከመካን ወንድ ጋር ከገጠመች ዘር አይኖራትም።

ሥራው ያለ ልኬት አይሆንም። ዝንቡ 100 ግሬይ (አካል የሚውጠው የጨረራ መጠን መለኪያ) ገደማ ሲያገኝ ይመክናል፤ ካነሰው ይወልዳል፣ ከበዛበት ሴት ማሳደድ ያቅተዋል። መላ አካሉ 4 ወይም 5 ግሬይ ያገኘ ሰው ደግሞ ካልታከመ ከሁለት አንዱ ይሞታል። ለዝንቡ የሚያገለግለው መለኪያ፣ ጨረራ ሲያርፍበት የሚጠቁር ፊልም ነው፤ የጥቁረቱ ልክ የጨረራውን መጠን ይናገራል። እዚያ የጨረራን ምት አንድ በአንድ የሚቆጥረው ጋይገር ቆጣሪ ቢገባ ይታፈናል። ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ለቅጽበት ስለሚደነቁር፣ ጨረራው እጅግ ሲበረታ ቁጥሩ ሊወርድ፣ አንዳንዱም ዜሮ ሊያሳይ ይችላል። ከመለኪያዎች ሁሉ እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው፤ አደጋው በከፋበት ሰዓት ሰላም ነው የሚል መሣሪያ።

ጋይገር የሚያምርበት ያመለጠ ጨረራን ፍለጋ ላይ ነው። ርካሽና ፈጣን ነው፤ ምንጩ ምን እንደሆነ ግን አይለይም። የሶዲየም አዮዳይድ ክሪስታል ጨረራው ሲመታው ብልጭ ይላል፣ የብልጭታው ድምቀትም የኃይሉን ልክ ይነግራል፤ ሲዚየም 137ን በ0.662፣ ኮባልትን በ1.17 እና በ1.33 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ይለያል። ከዚያም ይበልጥ አጥርቶ የሚለየው ጀርማኒየም ነው፤ ዋጋው ግን ውድ፣ ማቀዝቀዣውም ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ የሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው። ናሙናውን ለሰዓታት ካቆዩበት በቆጮ ውስጥ ያለውን ተፈጥሯዊ ፖታሲየም 40 እንኳ ሊቆጥር ይችላል። ያ ለማንም ስጋት አይደለም፤ ፖታሲየም ያለበት ምግብ ሁሉ ይህን ይዟል።

ወደ ሕክምናው ስንመጣ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና መስጫ ነበር። ለሕክምና የሚውለው ኮባልት 60 የሚያወጣው ጨረራ በ5.27 ዓመት በግማሽ ይቀንሳል፤ ምንጩ ካልተቀየረ ያው መጠን እጥፍ ደቂቃ ይፈልጋል፣ ወረፋውም ይረዝማል። የሕክምናውን መጠን ለመለካት የሚታመነው ጨረራው የሚፈጥራቸውን አዮኖች የሚሰበስበው አዮናይዜሽን ቻምበር ነው። ባለሙያው ደረቱ ላይ የሚያንጠለጥለው ባጅ ደግሞ ሲሞቅ በሚያበራው ብርሃን ይነበባል፤ የዓመቱ ገደብ በአማካይ 20 ሚሊ ሲቨርት ነው። ባጁ ያለፈውን እንጂ አሁን የሚሆነውን አይናገርም።

የጨረራ ቁጥጥር ሥራ በ1986 ዓ.ም. በአዋጅ ተቋም አግኝቷል። የጨረር ሕክምናውም ከጥቁር አንበሳ ወጥቷል፤ ጅማ ዛሬ በመብራት የሚሠራ፣ ራዲዮአክቲቭ ምንጭ የሌለው የሕክምና ማሽን አለው። የወልቂጤ ሕመምተኛ ወደ አዲስ አበባ ብቻ መሄድ አይጠበቅበትም፤ ማሽኑ ግን ጠዋት ጠዋት የሚያወጣው መጠን በመለኪያ ሳይረጋገጥ ማንንም ማከም የለበትም።